ስለ ደቀልና ስለ ሸራ፤ የአባያና የጫሞ ታንኳዎች በታሪክ ሚዛን

ከአርባ ምንጭ ከተማ ከፍታ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው ሁለት ሐይቆች በአንድነት ይታዩታል። በስተሰሜን ያለው አባያ ነው፤ በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ በሚኖረው ደለል ምክንያት መልኩ ወደ ቀይ ያደላል። በስተደቡብ ያለው ጫሞ ግን ከአባያ ይልቅ የጠራ ነው። በሁለቱ መካከል «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ጠባብ ኮረብታማ ምድር ተጋድሞ ይገኛል። በእነዚህ ውሃዎች ላይ ሰው ከጥንት ጀምሮ በታንኳ ሲመላለስ፥ ዓሣ ሲያጠምድ፥ ጉማሬ ሲያድን፥ ከደሴት ወደ የብስ ሲሻገር ኖሯል። ይሁን እንጂ የአካባቢው የጥንት ታንኳ ደቀልና ሸራ የሌለው ነው። የሚሄደው በሰው ክንድ፥ በመቅዘፊያና በረጅም ዘንግ ነው።

ይህ ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት የተነሡ ብዙ የአውሮፓ ጸሐፊዎች የሰውን ልጅ የእጅ ሥራ ሁሉ እንደ መሰላል በደረጃ በደረጃ ያስቀምጡት ነበር። በዚህ መሰላል ላይ ተንሳፋፊ ግንድ ከታች ይሆናል፤ በመቅዘፊያ የሚሄድ ታንኳ ከእርሱ በላይ፥ በሸራ የሚሄድ መርከብ ከታንኳው በላይ፥ ባለ እንፋሎቱ መርከብ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይቆማል። እንደዚህ ከሆነ ሸራ የሌለው ሕዝብ ገና ከታችኛው እርከን ያልወጣ ነው ማለት ነው። ይህ አስተያየት ከጸሐፊዎቹ ጋራ አልተቀበረም፤ ዛሬም በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ሳይመረመር ይኖራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን መሰላል በአባያና በጫሞ ታንኳ መመርመር ነው። የሚደርስበትም አሳብ የሚከተለው ነው፤ ደቀል የሚቆመው አንድ ሕዝብ በዕውቀት ከፍ ስላለ ብቻ አይደለም። የውሃው ስፋት፥ የነፋሱ አነፋፈስ፥ ታንኳው የተሠራበት ነገርና የዕለቱ ሥራ በአንድነት ሲጠይቁት ነው። ይህን ለማሳየት ከጋሞ ምድር ወጥቶ እስከ ጣና፥ እስከ ቀይ ባሕርና እስከ ዓባይ ወንዝ ታችኛው ሸለቆ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደቀልና ሸራ የሚሠሩት ሥራ

ደቀል በመርከብ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሸራ ተሸካሚ ምሰሶ ነው። ቃሉ በግእዝና በመጻሕፍት አማርኛ የታወቀ ሲሆን በተራ ንግግር ግን ብዙ ጊዜ «የመርከብ ምሰሶ» ይባላል። ሸራ የሚለውን ቃል የማያውቅ የለም፤ ከባሕር ርቆ የሚኖረው ሰው እንኳ ከገበያው ዳስና ከሸራ ጫማ ያውቀዋል። በመርከብ ላይ ግን ሸራ ነፋስን ይዞ ወደ ጉዞ የሚለውጥ ክንፍ ነው።

ሸራ ሲታይ ቀላል ነገር ይመስላል፤ በመርከቡ አካል ላይ የሚያስከትለው ጭነት ግን ቀላል አይደለም። በሰኮንድ 10 ሜትር የሚሮጥ ነፋስ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 6 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ካለው ነገር ጋራ የሚተካከል ግፊት ያሳርፋል። እንግዲህ 6 ካሬ ሜትር ብቻ ያለው ትንሽ ሸራ በ36 ኪሎ ያህል ኀይል ይገፋል። የሸራው መካከል ከታንኳው ወለል 2 ሜትር ከፍ ያለ ቢሆን፥ አንድ ሰው በዚያ ከፍታ ላይ ገመድ አስሮ ደቀሉን ያለማቋረጥ እንደሚጎትት ያህል ነው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ይህን ጭነት ለመቻል መርከብ አራት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛ፥ የደቀሉ እግር የሚተከልበት ጠንካራ ማረፊያ፤ ደቀል በነፋስ ሲገፋ እግሩ ወለሉን ወደ ታች ይወጋልና። ሁለተኛ፥ ደቀሉን ከግራና ከቀኝ፥ ከፊትና ከኋላ ወጥረው የሚይዙ ገመዶችና ገመዶቹ የሚታሰሩባቸው የማይላሉ ጎኖች። ሦስተኛ፥ መርከቡ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚከለክል ወደ ውሃው ጠልቆ የሚገባ ሆድ፤ በተለይም ከፊት እስከ ኋላ እንደ ጀርባ አጥንት የሚዘረጋ የሥር ግንድ። አራተኛ፥ አቅጣጫውን የሚጠብቅ መሪ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ሸራው ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል።

የሸራ ዓይነትም አንድ አይደለም። አራት ማዕዘን ሸራ በደቀሉ ላይ በአግድም ከታሰረ እንጨት ይንጠለጠላል፤ ከኋላ የሚመጣውን ነፋስ ለመቀበል እጅግ የተመቸ ነው። ሦስት ማዕዘን ሸራ ደግሞ በረጅምና በዘንበል ባለ እንጨት ላይ ታስሮ ከፊት ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ የሚመላለሰው የሳምቡክ ሸራ ከዚህ ወገን ነው። በእርሱ ነፋስ ከጎን ሲመጣም መሄድ ይቻላል፤ ይህም የሚሆነው የመርከቡ ሆድ ውሃውን ይዞ መንሸራተትን የሚከለክል ሲሆን ብቻ ነው።

የአባያና የጫሞ ታንኳ

አባያ በኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆች ትልቁ ነው። ስፋቱ ወደ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር፥ ርዝመቱ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ13 ሜትር ብዙ አያልፍም። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1896 ወደዚህ ሐይቅ በደረሰ ጊዜ በንግሥቲቱ በማርጌሪታ ስም ጠርቶት ነበር፤ ጫሞም እንደዚሁ በሌላው ጣሊያናዊ ተጓዥ በሩስፖሊ ስም በካርታ ላይ ተጽፎ ቆይቷል። በሐይቆቹ ዳርና በደሴቶቻቸው የሚኖሩት ሕዝቦች ግን ለውሃውም ለምድሩም የራሳቸው ስሞች ነበሯቸው። ከአባያ ደሴቶች አንዷ ጊዲቾ ናት፤ በእርሷ ላይ ባይሶና ሐሩሮ የተባሉ ሁለት ሕዝቦች ተጎራብተው ኖረዋል። የባይሶ ቋንቋ ከኩሻዊ፥ የሐሩሮ ቋንቋ ከኦሞአዊ ወገን ነው። በጫሞ ደሴት ይኖሩ የነበሩትና በኋላ ወደ የብስ የተሻገሩት ጋንጁሌዎች ከሐሩሮ ጋራ በቋንቋ የቀረቡ ናቸው። ሐሩሮዎች በዓሣ ማጥመድ፥ በጉማሬ አደንና በታንኳ ሥራ የታወቁ ሲሆኑ የታንኳቸው አፍንጫ ወደ ላይ ከፍ ያለ በመሆኑ ያዩት ሰዎች በጥንታዊት ግብፅ ሸክላዎች ላይ ከተሣሉት ታንኳዎች ጋራ ሲያመሳስሉት ኖረዋል።

ታንኳው የሚሠራበት ዛፍ በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ አምባች ይባላል። በሐይቅና በረግረግ ዳር፥ እግሩን በውሃ ውስጥ አድርጎ የሚበቅል ነው። በሳይንስ የተሰጠው «ኤላፍሮክሲሎን» የሚለው የጽርእ ስም «ቀላል እንጨት» ማለት ነው፤ በእርግጥም ሲደርቅ ከቡሽ የሚቀልል ነው። ግንዱ ከሥሩ ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ታንኳ ሠሪው ግንዶቹን ቆርጦ ያደርቃል፤ ከዚያም ጎን ለጎን አድርጎ በገመድ ያስራል። ቀጫጭኖቹ ጫፎች በአንድነት ተሰብስበው ወደ ላይ ሲታጠፉ ያ የታወቀው ከፍ ያለ አፍንጫ ይወጣል። ስለዚህ የታንኳው ቅርጽ ከግማሽ በላይ በዛፉ ቅርጽ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል ለማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በጥንቃቄ መታየት አለበት። ከሳንቃ የተሠራ ጀልባ የሚንሳፈፈው ሆዱ ባዶ ስለሆነ ነው፤ ሆዱ ውሃ ከሞላ ይሰጥማል። የአምባቹ ታንኳ ግን የሚንሳፈፈው እንጨቱ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው። ማዕበል ቢያልፍበት ውሃው በግንዶቹ መካከል ወርዶ ይሄዳል፤ ሊሞላ የሚችል ሆድ ስለሌለው አይሰጥምም። ለሰው በሚበረታ ጉማሬና አዞ መካከል ለሚሠራ አጥማጅ ይህ ትልቅ ዋስትና ነው። ከውሃ ወጥቶ በትከሻ ለመሸከምም ይመቻል። ጉድለቱ ውሃ እየጠጣ ከቀን ወደ ቀን መክበዱ ነው፤ ስለዚህ ከሥራ በኋላ በዳር መድረቅ ይኖርበታል፤ ዕድሜውም አጭር ነው።

አሁን ከላይ የተቆጠሩት አራቱ የደቀል ፍላጎቶች በዚህ ታንኳ ፊት ይቅረቡ። እንጨቱ እንደ ቡሽ ለስላሳ ስለሆነ የደቀል እግር ወግቶት ይገባል። ጎኖቹ በገመድ የተያያዙ ስለሆኑ ወጠሮ ገመድ ሲጎትታቸው ይላላሉ። በውሃው ላይ እንደ ቅጠል ስለሚያርፍ መንሸራተትን የሚከለክል ሆድ የለውም። ጠባብ በመሆኑም ከላይ የሚመጣው ጎን ለጎን ግፊት ይገለብጠዋል። እንግዲህ በዚህ ታንኳ ላይ ደቀል አለመቆሙ ከአካሉ የተነሣ ነው። ነገር ግን ጥያቄው በዚህ አያበቃም፤ ሕዝቡ ስለ ምን ሌላ አካል ያለው ታንኳ አልሠራም ተብሎ ሊጠየቅ ይገባልና።

የሚሠራበት ነገር ጠፍቶ ነውን?

ሸራ ለመሥራት ጨርቅ፥ ቀላልና ረጅም እንጨት፥ ገመድም ያስፈልጋል። በአባያ ዙሪያ ከእነዚህ የጠፋ አለን? ከሐይቁ ምዕራብ የሚነሡት የጋሞ ደጋዎች በመላው ኢትዮጵያ በሽመና የታወቁ ናቸው። በጨንቻ አካባቢ ያለው የዶርዜ ሸማኔ ስሙ ከአዲስ አበባ ገበያ እስከ ሩቅ አገር ተሰምቷል። ከቆላው የሚወጣ ጥጥ፥ በሴቶች እጅ የሚፈተል ፈትል፥ በወንዶች እጅ የሚሸመን ኩታና ቡልኮ ከሐይቁ ዳር ሩቅ መንገድ አልነበረም። ጥብቅ ሆኖ የተሸመነ የጥጥ ጨርቅ ደግሞ በዓለም ብዙ ባሕሮች ላይ ሸራ ሆኖ አገልግሏል።

እንጨትም አልጠፋም። ዶርዜዎች ቤታቸውን ከቀርከሃ ጎንጉነው ሲሠሩ ቁመቱን እስከ 12 ሜትር ያደርሱታል። ቀላልነትን ከጥንካሬ ጋራ ስላስተባበረ ቀርከሃ ለደቀልም፥ ሸራ ለሚንጠለጠልበት አግዳሚም የሚመች ነገር ነው፤ በሩቅ ምሥራቅ ባሕሮች የሸራ ማጠንከሪያ ሆኖ ኖሯል። ያንን የሚያህል ቤት በነፋስ ፊት አጽንቶ የሚያቆም ሕዝብ፥ ምሰሶን ስለ ማቆምና ስለ መወጠር ከማንም የሚማረው ብዙ ነገር አልነበረውም። ገመድም ታንኳው ራሱ የሚታሰርበት ነገር ነው። ስለዚህ ሸራ ያልተዘረጋው የሚሠራበት ነገር ጠፍቶ ነው ለማለት አይቻልም።

ዕውቀት ጠፍቶ ነውን?

ኢትዮጵያ ሸራን ከሩቅ የሰማች አገር አይደለችም። በመጀመሪያው መቶ ዓመት በጽርእ ቋንቋ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ አዱሊስን የንግድ ወደብ አድርጎ ይገልጻል። በ525 ዐፄ ካሌብ ወደ ሒምያር በዘመቱ ጊዜ መርከቦች ከልዩ ልዩ ወደቦች ወደ አዱሊስ አጠገብ ተሰብስበው ሠራዊቱን አሻግረዋል። ይህ ዝግጅት ሲደረግ ነጋዴው ኮስማስ በአዱሊስ ነበረ። በነፋሳት ወራት ጊዜ ጠብቆ ባሕር መሻገር እንግዲህ ለአክሱም መንግሥት የታወቀ ሥራ ነበር።

በዚያው መቶ ዓመት የነበረው የቢዛንጥዮኑ የታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ በዚህ ባሕር ስለሚሄዱ መርከቦች የጻፈው ነገር ለያዝነው ጉዳይ ትምህርት ይሰጣል። መርከቦቹ ሳንቃዎቻቸው በብረት ምስማር ሳይመቱ በገመድ እንደ ተሰፉ ይናገራል። በዘመኑ ሰዎች ዘንድ የተወራውን፥ በባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ድንጋይ ስላለ ነው የሚለውን ተረት በትክክል ይነቅፋል፤ ብረት የተመታባቸው የሮማውያን መርከቦች በዚያው ባሕር በደኅና ይሄዳሉና። ነገር ግን በተረቱ ፈንታ የሰጠው ምክንያት ሕንዶችና ኢትዮጵያውያን ብረት የላቸውም የሚል ነው። የጉዞው መጽሐፍ ግን ከእርሱ ብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ ወደ አዱሊስ ብረት ይገባ እንደ ነበረና ለጦር መሣሪያ ይውል እንደ ነበረ ጽፏል። የተሰፋ መርከብ በራሱ ጥቅም ነበረው፤ ከድንጋይና ከአሸዋ ጋራ ሲጋጭ በምስማር እንደ ተመታው አይሰነጠቅም፥ ይለምጣል፤ ሲጎዳም በየዳሩ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል። ፕሮኮፒዮስ ያየው ጉድለትን ነበር፤ በፊቱ የነበረው ግን ምርጫ ነበር። በመሰላሉ የሚያምኑት የኋላ ጸሐፊዎች ስለ ሸራ የተሳሳቱት በዚሁ መንገድ ነው።

ከአዱሊስ እስከ አባያ በቀጥታ መስመር እንኳ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የባሕሩ ዕውቀት ወደ ጋሞ ምድር አልደረሰም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ምስክርነቱን ወደ ጣና ማዛወር ይገባል። በጣና ደሴቶች ገዳማት ውስጥ የሚኖሩት መነኮሳት የዮናስን ታሪክና የሐዋርያው ጳውሎስን የመርከብ ስብራት ዘወትር የሚያነቡ ነበሩ። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ ሰፊ ውቅያኖስን በሸራ መርከብ ያቋረጡ የፖርቱጋልና የእስፓንያ ኢየሱሳውያን በጎርጎራ፥ ከሐይቁ ዳር ተቀምጠው ነበር። መጻሕፍቱም ሰዎቹም በዚያ ሳሉ የጣና የደንገል ታንኳ ያለ ደቀል በዘንግና በመቅዘፊያ መሄዱን አልተወም። በጣና ዕውቀቱ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ያስገባው ሥራ ግን አልነበረም።

ደንገል ደቀል ሊሸከም ይችላልን?

ለስላሳ ነገር ደቀል አይሸከምም የሚለው ፍርድ ከላይ ተነግሯል። ነገር ግን ብልሃት የማያሸንፈው ፍርድ አይደለም። ለዚህ ሁለት ሕዝቦች ምስክር ይሆናሉ።

የመጀመሪያዎቹ ግብፃውያን ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3000 ዓመት አስቀድሞ በተሠራ የሸክላ ዕቃ ላይ በታንኳ አፍንጫ አጠገብ የቆመ ደቀልና አራት ማዕዘን ሸራ ተሥሎ ይገኛል። ከዚያ በኋላ በተነሡት በፒራሚዶቹ ዘመን ነገሥታት ሥዕሎች ላይ ደግሞ ደቀሉ እንደ መሰላል ሁለት እግር ያለው ሆኖ ይታያል። ሊቃውንት ይህን ቅርጽ ከደንገል ታንኳ የተወረሰ አድርገው ተርጉመውታል። አንድ እግር ያለው ደቀል የታንኳውን መካከል ይወጋል፤ ሁለት እግር ያለው ግን ጭነቱን ለግራና ለቀኝ ጎን ያካፍላል። ከሳንቃ የተሠራ ጠንካራ መርከብ እየበዛ ሲሄድ ሁለተኛው እግር ተትቶ አንድ እግር ያለው ደቀል ቦታውን ይዟል። ሁለተኞቹ ምስክሮች በደቡብ አሜሪካ፥ ከባሕር ወለል 3,800 ሜትር ከፍ ብሎ በሚገኘው የቲቲካካ ሐይቅ የሚኖሩት አይማራዎች ናቸው። እነርሱም በሸምበቆ ታንኳቸው ላይ ሁለት እግር ያለው ደቀል አቁመው ከሸምበቆ የተጎነጎነ ሸራ ሰቅለዋል። ከውቅያኖስ ወዲያና ወዲህ ያሉ ሁለት ሕዝቦች አንድ ዓይነት ችግር ሲገጥማቸው ወደ አንድ ዓይነት መፍትሔ ደርሰዋል።

ጉዳዩ በተግባር የተፈተነው በ1969 ነው፤ ፈተናውም ኢትዮጵያን የሚነካ ነው። የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል «ራ» የተባለውን የደንገል ታንኳ በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ ሲያሠራ ደንገሉ የመጣው ከጣና ሐይቅ ነበር፤ ሠሪዎቹም ከቻድ ሐይቅ የመጡ የታንኳ ባለሙያዎች ነበሩ። በላዩ ሁለት እግር ያለው ደቀልና አራት ማዕዘን ሸራ ቆመ። ታንኳው ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን ብዙ ከተጓዘ በኋላ የኋላው ክፍል እየሰጠመ ሄዶ ባርባዶስ ሳይደርስ ተተወ። ከምክንያቶቹ አንዱ፥ በግብፅ ሥዕሎች ላይ የታንኳውን ቆልማማ ጭራ ወደ ወለሉ ወጥሮ የሚይዘው ገመድ ጌጥ ብቻ መስሎ መተዉ ነበር። በተከታዩ ዓመት በ1970 የቲቲካካ አይማራዎች የሠሩት «ራ ሁለተኛ» ከሳፊ ወደብ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በአገሩ ደቀል ተሸክሞ የማያውቀው የጣና ደንገል፥ በሌላ ሕዝብ አስተሳሰርና በሌላ ዓላማ ሲሠራ፥ ደቀል ተሸክሞ ውቅያኖስ ተሻግሯል። እንግዲህ የታንኳው አካል ደቀልን አስቸጋሪ ያደርገዋል እንጂ አይከለክለውም። ችግሩን ለማሸነፍ የሚያስገድድ ጥቅም ካለ ብልሃቱ ይገኛል። ቀሪው ጥያቄ እንግዲህ በአባያና በጫሞ ይህ ጥቅም ነበረ ወይ የሚል ነው።

ነፋስና መንገድ

ግብፃዊው ሸራን የፈለገበት ምክንያት በወንዙ ውስጥ ይገኛል። ዓባይ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይፈሳል፤ በግብፅ ምድር በአብዛኛው ወራት የሚነፍሰው ነፋስ ግን ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚወጣው ሸራውን ይዘረጋል፤ ወደ ሰሜን የሚወርደው ሸራውን አጥፎ ለወንዙ ይተዋል። በግብፅ የሥዕል ጽሕፈት «ወደ ደቡብ መሄድ» የሚለው ቃል ሸራ በተዘረጋ መርከብ፥ «ወደ ሰሜን መሄድ» የሚለው ደግሞ ሸራ በሌለው መርከብ ሥዕል ይታወቅ ነበር። ከኋላ የሚመጣ ነፋስን ብቻ ለሚቀበል ቀላል አራት ማዕዘን ሸራ ከዚህ የተሻለ ውሃ በዓለም ላይ አይገኝም።

አባያ ከዚህ ጋራ ሲነጻጸር ተቃራኒ ነው። ሐይቅ ስለሆነ ተጓዡን ወደ ቤቱ የሚመልስ ወንዝ የለውም። ጠዋት ውሃው ጸጥ ይላል፤ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው። ጥልቀቱ ትንሽ በመሆኑ ነፋስ ሲነሣ አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል ፈጥኖ ይቆማል። ሆድ የሌለው ታንኳ ሸራ ቢዘረጋ ወደ ነፋሱ መውረጃ ብቻ ይሄዳል፤ መመለሻው ነፋስን መቃወም ነው፤ ይህንም ሸራው አያደርግለትም። አጥማጅ ደግሞ የሚወጣው ሊመለስ ነው። ስለዚህ ጸጥታውን ጠዋት ተጠቅሞ በክንዱ ይሠራል፤ ነፋስ ሲመጣም በዳር ይገኛል። ሸራ የሚሻው ሰዓት አጥማጁ የሚሸሸው ሰዓት ነው።

የመንገዱም ርዝመት መታየት አለበት። የሐይቁ አማካይ ስፋት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደሴቶቹ ከአንደኛው ወይም ከሁለተኛው የብስ እጅግ አይርቁም። በሰዓት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቀዛፊ 10 ኪሎ ሜትር ያለውን መንገድ በሦስት ሰዓት ያህል ይጨርሰዋል። መረብ የሚጣለው ከዳር ብዙ ሳይርቅ ነው፤ በዚያም ረጅሙ ዘንግ ወለሉን ያገኛል። ለጉማሬ አደንም ቢሆን ዝቅ ያለ፥ ድምፅ የሌለው፥ በአንድ የመቅዘፊያ ምት የሚዞር ታንኳ ያስፈልጋል፤ በደቀል ላይ የሚንቀጠቀጥ ጨርቅ አውሬውን ከሩቅ ያስበረግጋል። እንግዲህ በሥራውም፥ በመንገዱም፥ በሰዓቱም ቢመረመር ሸራ ለዚህ አጥማጅ የሚጨምርለት ጥቂት ነው፤ የሚያስከፍለው ግን ብዙ ነው።

ይህ አሳብ በሌላ የአፍሪካ ሐይቅ ሊፈተን ይችላል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ስፋቱ 68,800 ካሬ ኪሎ ሜትር፥ ማለት የአባያ 60 እጥፍ ያህል ነው። በዚያ የጋንዳ ሰዎች ከሳንቃ የተሰፋና የሥር ግንድ ያለው ረጅም ጀልባ ነበራቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነጋዴዎች ሦስት ማዕዘኑን ሸራ ይዘው ወደ ሐይቁ ሲደርሱ ሸራው ቤቱን አገኘ፤ በኋላም የሉዎ አጥማጆች የራሳቸው አደረጉት። ያ ውሃ ሰፊ ነበር፤ ጀልባው ሆድ ነበረው፤ መንገዱም ሩቅ ነበር። ሦስቱ በአንድነት ስለ ተገኙ ሸራው ጸና። በአባያ ሦስቱም ስላልተገኙ አልተፈለገም።

ከዘንግ ወደ ሞተር

መሰላሉ እውነት ቢሆን ኖሮ የኢትዮጵያ ሐይቆች ከቀዘፋ ወደ ሸራ፥ ከሸራ ወደ ሞተር በየተራ መውጣት ይገባቸው ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ በጣና ላይ ከደንገል ትልልቅ ታንኳዎች አሠርተው፥ በጎኖቻቸው በሰው እጅ የሚዞሩ መንኮራኩሮች አስገጥመው እንደ ሞከሩ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ጽፏል። ንጉሠ ነገሥቱ ሊመስሉት የፈለጉት የሸራውን ሳይሆን የእንፋሎቱን መርከብ ነበር። ከ1936 በኋላ በጣሊያን ወረራ ዘመን በጣና ላይ የሞተር ጀልባዎች ገቡ። በአባያና በጫሞም ቢሆን ዛሬ ጎብኝዎችን ወደ አዞ ገበያ የሚያደርሱት ባለ ሞተር ጀልባዎች ናቸው፤ የአጥማጆችም ሥራ ወደዚያው አዘንብሏል። ውሃው ከዘንግ ወደ ሞተር ተሻገረ፤ በመካከል ያለ የተባለውን እርከን አልረገጠም። ሞተር ነፋስ ወዴት እንደሚነፍስ አይጠይቅም፤ ስለዚህ በአባያ ሸራ ያልፈታውን ችግር ፈታ። ይህ ቅደም ተከተል የሚገለጸው በሕዝብ የዕድገት ደረጃ ሳይሆን በውሃውና በሥራው ጠባይ ነው።

የዚህ ምርመራ ፍሬ

የመሰላሉ ስሕተት በመጻሕፍት ውስጥ ብቻ ቢቀር ጉዳቱ ትንሽ ይሆን ነበር። ነገር ግን ታንኳ ሲናቅ ታንኳ ሠሪው አብሮ ይናቃል። በጣና የደንገሉን ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎች የጉማሬ ሥጋ ስለሚበሉ በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ተዋርደው ኖረዋል፤ ሥራቸውም እንደ ሰዎቹ ተቆጠረ። ሊቃውንትም «ሸራ የለውም፥ ምስማር የለውም፥ ሆድ የለውም» እያሉ የሌለውን ሲቆጥሩ ያለውን ሳይመዘግቡ አለፉ። የአምባች ታንኳ ያለው ነገር ግን ብዙ ነው፤ ዛፉን በዕድሜው መምረጥ፥ በመጠኑ ማድረቅ፥ ሳይላላ የሚጠብቅ ሳይሰብር የሚይዝ አተሳሰር፥ አፍንጫውን ማንሣት፥ ነፋሱንና የአውሬውን ሰዓት ማወቅ። ይህ ሁሉ በሐሩሮና በጋንጁሌ ቋንቋ ስም አለው።

ይህ ዕውቀት በሰፊው አልተጻፈም፤ ጊዜውም እየጠበበ ነው። የሐይቁ ዳር ሲታረስ አምባች የሚበቅልበት ረግረግ ይጠባል፤ በጣና ብዙ ጉዳት ያደረሰው እንቦጭ በአባያም ታይቷል፤ የሞተር ጀልባ ሲገባም ወጣቱ አተሳሰሩን የሚማርበት ምክንያት ይቀንሳል። የሐሩሮና የጋንጁሌ ተናጋሪዎች ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ቃላቱ ከሥራው ጋራ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ስለዚህ ታሪክና ባህል ለሚያጠኑ ሰዎች የሚቀርበው ሥራ የታወቀ ነው፤ አንድ ታንኳ ከዛፉ መቆረጥ ጀምሮ እስከ ውሃው መውረድ ድረስ በልክ፥ በሥዕልና በቃል መመዝገብ፤ የእያንዳንዱን ክፍልና የእያንዳንዱን ቋጠሮ ስም በባለቤቶቹ ቋንቋ መሰብሰብ፤ የተሠራውንም ታንኳ ለትውልድ በሚጠበቅበት ቤት ማኖር። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱ ሐይቆች ራስጌ ያለ በመሆኑ ለዚህ ሥራ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው።

የአባያና የጫሞ አጥማጅ ጨርቅ በደጁ ሳለ፥ ቀርከሃ በተራራው ሳለ ደቀል አላቆመም። ይህም ሳያውቅ የቀረ ሰው ሥራ አይደለም፤ ውሃውን የሚያውቅ ሰው ውሳኔ ነው። ታሪክ ጸሐፊም ያልቆመውን ደቀል ከመቁጠሩ በፊት፥ በዚያ ውሃ ላይ ለማን ሊቆም ይገባ እንደ ነበረ መጠየቅ ይኖርበታል።